ስድስተኛው መስመር

አስራ አንዱም ታብሌት የሚውለውም የሚያድረውም እኔ ስቶር ውስጥ ነበር። ከምስማር ሳጥኖቹ በላይ አናጺዎቹ ከተረፈ ጣውላ የሠሩልኝ መደርደሪያ አለ፤ እዚያ ላይ በተርታ እየሰካሁ ቻርጅ አደርጋቸዋለሁ። እያንዳንዱ የአንድ ፎርማን ነው። የአስራ አንዱንም የሚስጥር ቁጥር በቃሌ አውቃለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ወር በፊት ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ ኢንጂነር መጣች። ወጣት ናት፤ ሄልሜቷ ገና ጭረት አላየም። ጠዋት ሠራተኛው በተሰበሰበበት ብሎኬት ላይ ወጥታ ቆመች።

«ከሰኞ ጀምሮ ወረቀት የለም፤ ኮለን ምሰሶ ላይ በጠመኔ መጻፍም የለም» አለች። «ሥራው ማለቁን ፎርማኑ ራሱ አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ በታብሌቱ ያረጋግጣል። ያኔ አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴ ካልሆነ ሳንቃ አይዘጋም፤ ኮንክሪት አይፈስም።» ፎርማኖቹን አየቻቸው። «ሳያይ ያረጋገጠ ፎርማን በዚያው ቀን ፎርማንነቱ ይቀራል። ይሄ የኔ ሕግ አይደለም፤ ከላይ የመጣ ነው።»

«ከላይ ማለት ከአራተኛ ፎቅ ነው? እዚያ እኮ ገና ሲሚንቶ ብቻ ነው ያለው!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። የአናጺዎቹ ፎርማን ነው። ሬዲዮ እንለዋለን፤ ማጥፊያ የለውም።

ኢንጂነሯ አልሳቀችም። «አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ማነው?» አለች።

እኔ ያን ጊዜ ክሬኑን እያየሁ ነበር። ክንዱ ቀስ ብሎ ሲዞር ደመናው ላይ የሆነ ነገር የሚጽፍ ይመስለኛል፤ ምን እንደሚጽፍ ላነብ ስል አንድ ሰው ጀርባዬን ገፋኝ። ወደ ፊት ተደነቃቀፍኩና ፊቷ ቆምኩ።

«አንተ ታሰለጥናቸዋለህ።»

«ጉድ ፈላ!» አለ ሬዲዮ። «የጋሽ ቱንቢ የእህት ልጅ አለቃ ሆነ! በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች!»

ሳቁ ሳይቱን ሞላው። አጎቴ ብቻ አልሳቀም።

ጋሽ ቱንቢ የሚሉት አጎቴን ነው፤ የእናቴ ወንድም፣ የብረት ሠራተኞቹ ፎርማን። ቱንቢ ያሉት እንደ ቱንቢ ገመድ ቀጥ ያለ ስለሆነ ነው፤ አቋሙም ነገሩም። እናቴ ስትሞት ወስዶ ያሳደገኝ፣ ያስተማረኝ፣ በኋላም ስቶሩ ውስጥ ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ብረት አስሯል። የሕንጻ ንድፍ ሲዘረጉለት ከቁጥሩና ከመስመሩ ብቻ ሁሉንም ይረዳል። ፊደል ግን አያውቅም። ይህን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን፤ እሱ፣ ሚስቱና እኔ። ሳይት ላይ ማንም አያውቅም፤ ለመፈረም የተማራት አንዲት ጭረት አለችው፤ ሁሉም የተጣደፈ የትልቅ ሰው ፊርማ ትመስላቸዋለች።

በዚያው ቀን ማታ እራት አብረን በላን። እሱ እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ሚስቱ ወደኔ ጎንበስ አለች።

«አደራህን» አለችኝ። «በሰው ፊት እንዳታዋርደው።»

ትምህርቱን ስቶር ውስጥ ጀመርኩ። አስራ አንድ ፎርማን በሲሚንቶ ከረጢትና በቀለም ባልዲ ላይ ተቀመጡ። እንዴት እንደሚከፈት አሳየሁ፣ የትኛው ሳጥን እንደሚነካ አሳየሁ። ከዚያ እነሱ ሞከሩ። መስታወቱ እሺ አላለም። የሲሚንቶ ሥራ የበላው ጣት ደረቅ ነው፤ ቆዳው እንደ ጫማ ሶል ጠጥሯል። ይጫናሉ፣ ይደግማሉ፣ መስታወቱ ዝም።

«አላወቀኝም እኮ!» አለ ሬዲዮ ጣቱን እያየ። «እንዴ፣ ልክ እንደ ሚስቴ ነው። እሷም ከሥራ ስገባ ታጠብ ሳትል አታውቀኝም።»

«ምራቅ አስነካው» አለው የግንበኞቹ ፎርማን።

«ሚስቴን?»

እየሳቁ ሳለ የአጎቴ ተራ ደረሰ። ታብሌቱን በሁለት እጁ ያዘው፤ ሕፃን እንደሚታቀፍ ሰው። ገጹ ላይ ያለው ሁሉ ጽሑፍ ነው። ዐይኑ ከላይ እስከ ታች ሄደ፣ ተመለሰ። ግንባሩ ላይ ላብ ሲያቸፈችፍ አየሁ። ሳቁ እየቀነሰ መጣ። ሁሉም ወደሱ ማየት ጀመሩ።

«ለዛሬ እኔ ልሙላላችሁ» አልኩ ሳላስበው። «ጊዜ የለንም። እናንተ ያለቀውን ንገሩኝ፤ እኔ አስገባዋለሁ።»

አስራ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። ታብሌቶቹን እየወረወሩልኝ ወጡ። አጎቴ መጨረሻ ላይ ነበር፤ ታብሌቱን መደርደሪያው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ እንጂ አላየኝም።

«ለዛሬ» ያልኩት ቃል ሦስት ወር ፈጀ።

መጀመሪያ ላይ እየመጡ ይነግሩኝ ነበር። «የሦስተኛው መስመር ኮለን አልቋል፣ ጻፍ።» እወጣና ፎቶ አነሳለሁ፣ እመለስና እሞላለሁ። በኋላ ለመምጣት ሰነፉ፤ ከላይ ሆነው እጃቸውን ማወዛወዝ ጀመሩ። ከዚያ ያም ቀረ። ጠዋት ከአራት ሰዓት በፊት ሁሉም ካልተሞላ ዋናው መሥሪያ ቤት ኢንጂነሯ ላይ ይደውላል፤ እሷ እኔ ላይ ትደውላለች። ስለዚህ ሳልጠየቅ፣ ሳላይ፣ ገና ሲነጋ ሁሉንም አረንጓዴ ማድረግ ጀመርኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉት ይህ ነው። ለፎቶ አልተቸገርኩም። ኮለን ኮለንን ይመስላል። አራተኛ ፎቅ ላይ ያነሳሁት አንድ ቆንጆ ፎቶ ነበረኝ፤ እሱን ስድስተኛም ሰባተኛም ላይ አስገባሁት፤ ማንም አላወቀበትም።

ከስቶሩ መውጣት አልቻልኩም። አንድ ቀን ትኩሳት ይዞኝ ቀረሁ፤ ሦስት ጊዜ ተደወለልኝ፤ ብርድ ልብስ ተከናንቤ መጣሁ። ስቶሩ አንዲት ትንሽ መስኮት አለችው። በሷ ስመለከት ሕንጻው በየሳምንቱ ከፍ ይላል፤ እኔ ዝቅ የምል ይመስለኛል። አንዳንዴ ሕንጻው መርከብ ነው፣ እኔም ሆዱ ውስጥ ሞተር የማቀጣጥል ሰው ነኝ ብዬ አስባለሁ። ከላይ ያሉት ባሕሩን ያያሉ፤ እኔ የማየው ብርሃኑ የሚበራ የሚጠፋ አስራ አንድ መስታወት ነው።

እውነቱን ልናገር ብዬ ሁለት ጊዜ ወደ ኢንጂነሯ ቢሮ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ገና በሩን ሳንኳኳ «ና፣ ና!» አለችኝና ወረቀት አሳየችኝ። ታብሌቱን በሰዓቱ በመሙላት ከኩባንያው ሳይቶች ሁሉ እኛ አንደኛ ነን። ዘጠና ስምንት በመቶ። «በስልሳ ዓመታቸው ታብሌት የሚጠቀሙ ፎርማኖች አሉን ብዬ ስነግራቸው አያምኑኝም» አለች፤ ዐይኗ በደስታ ያበራ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ግን ከፍቷት ነበር።

«አጎትህ ያዘገየናል» አለች ሳልናገር። «ሲስተሙ አረንጓዴ ካለ በኋላ እንደገና ወጥቶ በእጁ ይቆጥራል። አናጺዎቹ ቆመው ይጠብቁታል። እንዲህ ከሆነ ጡረታ ብናወጣው ነው የሚሻለው። አስረዳው እስቲ፣ አንተን ይሰማሃል።»

አጎቴ ያን የሚያደርገው ሠላሳ ዓመት ነው። ጠዋት ኮንክሪቱን የሚይዘው ሳንቃ ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዱ ኮለን ጋ ይቆማል። ቋሚ ብረቶቹን እንደ ቀበቶ ዙሪያውን የሚያቅፉ አራት ማዕዘን ቀለበቶች አሉ፤ ስታፋ እንላቸዋለን። እነሱን ከታች ወደ ላይ በእጁ እየነካ ይቆጥራቸዋል፣ እየያዘ ይነቀንቃቸዋል። ዐይኑን ጨፍኖ ነው የሚያደርገው። በሥሩ ያሉት የብረት ልጆችም ይህን ስለሚያውቁ ማታ ያልጨረሱትን ትተው ይሄዳሉ፤ ጠዋት ጋሼ ያገኘዋል፣ ይቆጣል፣ ይሞላል።

በምሳ ሰዓት አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ ትልቁን ሰጠኝ።

«ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት መቁጠሩን ተወው» አልኩት። «አረንጓዴ ከሆነ ታይቷል ማለት ነው።»

«ማን አይቶት?»

«ሲስተሙ።»

«ዐይን አለው?»

«ፎቶውን ያያል። ከሰው ይበልጣል።»

ዳቦውን አኝኮ ጨረሰ። «እኔ አላውቅበትም» አለ በመጨረሻ። «አንተ ካልክ ግን ልክ ነው። ያስተማርኩህ ለዚህ አይደል?»

የቀረኝን ዳቦ ኪሴ ከትቼ ወደ ስቶሩ ተመለስኩ።

ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አስር ኮለን ኮንክሪት የሚሞላበት ቀን ነበር። ገና ሲነጋ ስቶሩን ከፍቼ አስሩንም በአጎቴ ታብሌት አረንጓዴ አደረግኳቸው፤ ያቺኑ የአራተኛ ፎቅ ፎቶ አስገባሁ። የሬዲዮ አናጺዎች ከመደርደሪያው አረንጓዴውን አይተው ሳንቃውን ዘጉ። ሚክሰሩ መጣ፣ ፓምፑ ተነሳ። ጩኸቱ ስቶሩን ያንቀጠቅጠዋል።

ቀና ስል አጎቴ ከስቶሩ በር አጠገብ ብሎኬት ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። በዚያ ሰዓት ተቀምጦ አይቼው አላውቅም።

«ጋሼ፣ ላይ አልነበርክም?»

«ምን ልሠራ? ስገባ መደርደሪያው ላይ አየሁት፤ ሁሉም አረንጓዴ ነው።» ፈገግ አለ፤ እንደ ልጅ። «ቀለሙን ለየሁት እኮ። ምሁር ሆንኩልህ።»

ምን እንዳየሁ ልንገራችሁ። ከበሩ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ፣ አንድ እስር ስታፋ ቆሟል። ትናንት አመሻሹ ላይ የብረት ልጆቹ መጥተው ጠይቀውኝ ነበር፤ ለጥግ ኮለኗ፣ ከጉልበት እስከ ደረት ላለው፣ ጎድሏቸው። እኔ አስራ አንዱን ልሞላ ስጣደፍ «ጠዋት ውሰዱ» ብዬ መለስኳቸው። ጠዋት አልመጡም። ጋሼ ያገኘዋል ብለው ነው። ጋሼ ደግሞ ሲስተሙ አይቶታል ብሎ ሻይ ይጠጣል። ሲስተሙ ማለት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ አላየሁም።

የጥግ ኮለኗ ከጉልበት እስከ ደረት ድረስ ባዶ ናት። በላይዋ ገና አምስት ፎቅ ይጫንባታል።

ሮጬ ወጥቼ በድብቅ ልሙላት ብዬ አሰብኩ። ሳንቃው ተዘግቷል፤ ስታፋ ከላይ አይገባም። ሬዲዮን በጆሮው ልንገረው ብዬ አሰብኩ። ማጥፊያ የለውም። ዝም ልበልስ? ስንት ሕንጻ ጎደሎ ይዞ ቆሟል? አረንጓዴውን ወደ ቀይ ብመልሰው ከሲስተሙ ጋር የተያያዘው ፓምፕ በአንድ ጊዜ ይቆማል፤ ግን ማን እንዳረጋገጠው ይጠየቃል። ያረጋገጠው የአጎቴ ታብሌት ነው።

ፓምፑ ጮኸ። ሰባተኛው ኮለን። ስምንተኛው። የጥጓ አስረኛዋ ናት።

ቀዩን ነካሁት።

ጩኸቱ እንደ ተቆረጠ ገመድ ወደቀ። ዝምታው ሳይቱን ሲሞላ የወፍ ድምፅ ሰማሁ፤ ሦስት ወር ሙሉ እዚያ ወፍ መኖሩን አላወቅኩም ነበር። ከዚያ የእግር ኮቴ። ኢንጂነሯ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች፤ ሬዲዮና የብረት ልጆቹ ተከተሏት።

«ማነው ያቆመው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «የጥጓ ኮለን ስታፋ ጎድሏታል። ይኸው እዚህ ነው ያለው።» እስሩን አሳየሁ። አንዴ ከተናገርኩ በኋላ አልቆም አለኝ። «አረንጓዴውን የሞላሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ብቻ አይደለም። የሁሉንም፣ ሦስት ወር ሙሉ። አንዳቸውም ነክተውት አያውቁም። ፎቶውም የአራተኛ ፎቅ ነው።»

ኢንጂነሯ አፏን ከፍታ አየችኝ። ቀስ ብላ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠች፤ ሱሪዋ ነጭ ሆነ።

«ዘጠና ስምንት በመቶ» አለች ለራሷ።

«እኔ ብያለሁ!» አለ ሬዲዮ። «ዘጠና ስምንት በመቶ እንኳን እኛ፣ እርሾ የገባበት ሊጥም አይደርስም!»

«ዝም በል ባክህ!» ጮኸችበት። ከዚያ ለብረት ልጆቹ «ውሰዱት፣ ሳንቃውን አስፈትታችሁ አስገቡ» አለች። እስሩን ተሸክመው ሮጡ። እሷ ታብሌቱን ከእጄ ወሰደች። ገጹ ቀይ ሆኖ ተቆልፏል፤ መሐሉ ላይ አንድ ጥያቄ አለ። *ሳያይ ያረጋገጠው ማነው?* ከሥሩ ስም በስም አስራ አንድ መስመር።

«የኔን ይጻፉ» አልኳት።

«የት ልጻፍ? መጻፊያ የለውም። መምረጥ ብቻ ነው።»

ተቀብያት አየሁ። እውነቷን ነው። ወደ ታች ገፋሁት፣ ወደ ላይ ገፋሁት። የአናጺው አለ፣ የግንበኛው አለ፣ የቧንቧው አለ። ስቶር የሚባል ሰው የለም። ሦስት ወር ሙሉ ይህ ሁሉ በኔ ጣት አልፏል፤ እኔ ግን ውስጡ የለሁም።

«ዋናው መሥሪያ ቤት ደውለው ያስገቡኝ!»

«ሁለት ቀን ይፈጃል። እስከዚያ ፎቁ አይከፈትም።»

የሚክሰሩ ሾፌር አንገቱን አስግጎ ገባ። «እሜቴ፣ ሆዴ ውስጥ ኮንክሪት እየደረቀ ነው! ዕቃው ከአንድ ሰዓት በላይ አይጠብቀኝም፤ ከደረቀ በመዶሻ ነው የምፈለፍለው!»

«የኔን ተጫን» አለኝ ሬዲዮ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሳንቃውን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ፎርማንነቱ ቢቀርብኝ ማውራቴ አይቀርብኝ።»

«የብረት ኮለን ነው» አለች ኢንጂነሯ። «ከብረት ፎርማን ሌላ አይቀበልም።» ስድስተኛውን መስመር እያየች ነበር። ተጫነው አላለችኝም፤ አትጫነው አላለችኝም። ራሷም መጫን አልቻለችም፤ የሚስጥር ቁጥሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሁሉም ክብ ሠርተው እኔን ያያሉ።

የሚስጥር ቁጥሩን አስገብቼ ጣቴን አነሳሁ። መልሼ አወረድኩ። መስኮቷ ውስጥ ክሬኑ ቆሟል። ሚክሰሩ ውጭ ይዞራል፤ ሆዱ ሲንቧቧ ይሰማል።

አጎቴ የሻይ ብርጭቆውን ብሎኬቱ ላይ አስቀምጦ ተነሳ። መጥቶ ጎኔ ቆመ። ብረትና ላብ ይሸታል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሽታ።

«የቱ ነው የኔ ስም?» አለኝ።

ሁሉም ወደሱ ዞሩ። ሬዲዮ ሄልሜቱን አወለቀ።

«ጋሼ…»

«የቱ ነው አልኩህ። አላውቀውም። አሳየኝ።»

ሠላሳ ዓመት የደበቀውን በአስር ሰው ፊት ዘርግቶ አስቀመጠው። ድምፁ ግን ስታፋ ስጠኝ እንደሚል ሰው ነበር።

«ስድስተኛው» አልኩ። «ከላይ ቁጠር።»

በጣቱ ሳይነካ ቆጠረ። «ይቺ?»

«እሷ ናት።»

ጎንበስ ብሎ አያት። ስሙን ተጽፎ ያየ አይመስለኝም፤ አይቶ ከሆነም ስሙ መሆኑን አላወቀም። ከዚያ ጣቱን ጫነ። መስታወቱ እሺ አላለም። ደግሞ ጫነ።

«አልነቃም» አለ።

«በጫፉ አይደለም ጋሼ። በጎኑ፣ ቆዳው ለስለስ ባለበት። መጀመሪያ ተንፍስበት።»

ጣቱ ላይ ተነፈሰ። እጁን በእጄ ይዤ አዘነበልኩለት። አብረን ጫንነው ማለት አልችልም፤ እኔ ያዝኩ፣ እሱ ጫነ። መስመሯ ጠቆረች። *ተልኳል* የሚል መጣ። ቀዩ ጠፋ።

አጎቴ ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ የለም፤ የገረመው ሰው ፊት ነው።

«ይሄው ነው?» አለ። «ይቺ ናት?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሦስት ወር ሙሉ የደበቅከኝ ይቺን ነው?»

መልሴን አልጠበቀም። ሄልሜቱን አድርጎ ወጣ፤ ደረጃውን ሲወጣ ኮቴውን ከሌሎቹ ለይቼ እሰማው ነበር፤ ቀስ ያለ፣ እኩል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፓምፑ ተነሳ፤ ስቶሩ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ሌሎቹም ሲወጡ ኢንጂነሯ ብቻዋን ከኔ ጋ ቀረች። ሱሪዋን አራገፈች፤ ሲሚንቶው አልለቀቀም። ታብሌቱን አገላብጣ አየችና መልሳ ሰጠችኝ። ስድስተኛው መስመር ባዶ ሆኗል።

«አስረኛ ፎቅ ነገ ይጀመራል» አለች፤ ድምፏ ደክሞ። «መስመሩ ባዶ ሆኖ አያድርም። ዛሬውኑ ስም ማስገባት አለብኝ። ልጆቹን ከኔ ይበልጥ ታውቃቸዋለህ። ብረት የሚያውቅ፣ አይቶ የሚያረጋግጥ ሰው ስም ስጠኝ።»

የማውቀው አንድ ስም ብቻ ነበር፤ አሁን ከስድስተኛው መስመር የጠፋው።